ከወግዲ ያመጣኋት ማዳመጫ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ አጅቤ እዚሁ መካነ ሰላም ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስድስተኛ ወሯ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ሆዷ ላይ ገና ሲያሳርፈው የሕፃኑ የልብ ምት ክፍሉን ሞላው። እሷ ድምፁን በስልኳ እየቀዳች ትስቃለች፤ እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ምነው አክስቴ፣ ደስ አይልም እንዴ?» አለችኝ። ደስታውስ ደስታ ነው። ያንን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ጭቃ መሃል በቆመ አውቶብስ ውስጥ መሆኑን ግን እዚያ ሆኜ ላስረዳት አልቻልኩም።

ያኔ ወጣት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ያለቀቀኝ አንድ አመል ነበረኝ፤ ዘመን ያለፈባቸውን የሕክምናና የቤተ ሙከራ ዕቃዎች እሰበስባለሁ። ጤና ጣቢያ የጣለው የብርጭቆ መርፌ፣ የመድኃኒት መመዘኛ የነሐስ ሚዛን፣ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ ምኑ ቅጡ። እኩዮቼ ለትዳር ዕቃ ሲያሰባስቡ እኔ ዝገት አሰባስባለሁ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናቴማ «ይኼን ሁሉ መርፌ ያየ ባል ከደጅ ይመለሳል» ትል ነበር። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እስከ ደጅ የመጣም አልነበረም።

አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ወግዲ የሚኖሩ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጡረተኛ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አሮጌ ዕቃ እንዳላቸው ሰማሁና ሄድኩ። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀርቦልኝ እየላጥኩ ሳለ ከሣጥናቸው አንዲት የእንጨት ማዳመጫ አወጡ። ስንዝር የማትሞላ፣ አንድ ጫፏ እንደ ጥሩንባ ሰፋ ያለ፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰች ናት። ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ተደርጋ የጽንስ ልብ ይደመጥባታል። ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ።

«እሰጥሻለሁ፤ ግን ሥራዋን ሳታውቂ ይዘሻት አትሄጂም» አሉኝ። ትራስ ላይ እያሳዩ አስተማሩኝ። ሰፊው አፍ ሆድ ላይ፣ ጆሮ በጠባቡ ላይ፤ ጆሮ ሲያርፍ እጅ ይነሳል። የእናትየዋ የእጅ አንጓም ይያዛል። የሚሰማው ከእናትየዋ ትርታ ጋር እኩል ከሄደ የራሷ ነው፤ ቀድሞ ከገሰገሰ የልጇ ነው። እኔም እሺ እሺ አልኩ። ሰብሳቢ ሰው ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ ለሁሉም እሺ ይላል።

በማግስቱ በአውቶብስ ስመለስ መንገዱ ጨቅይቶ ነበር። ግማሽ ያህል እንደሄድን አንድ አይሱዙ ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቶት አገኘነው። ሹፌራችን ከኋላው ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ መጠበቅ ጀመረ። የገብስ ቆሎ ይዤ ነበርና ከኋላዬ ለተቀመጡት ሴቶች ዘገንኩላቸው። አማቲቱ እትዬ ዘሃራ ተቀበሉኝ፤ ምራታቸው ፋጡማ ግን በሁለት እጇ ሆዷን እንዳቀፈች ቀና አላለችም። የመውለጃ ቀኗ ተቃርቧል።

«ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰላትም» አሉኝ እትዬ ዘሃራ በለሆሳስ። «ሆስፒታል ላደርሳት ነበር። ልጄ ያለው ጅዳ ነው፤ ምን ብዬ ነው የምነግረው?»

ቆይታው ሲረዝም እትዬ ዘሃራ ተነሡ። «እንግዲህ ካለፈም አልፏል። መንገድ ላይ ከምትወድቅብኝ ወደ ቤቷ ልመልሳት። ተነሽ ልጄ።»

ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም፤ ማዳመጫዋን ከቦርሳዬ አወጣሁና «ቆይ ልስማላት» አልኩ።

«ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«ያ አላህ! ታዲያ ይኼን በምን አወቅሽው?»

ሰው ሳቀ። ፋጡማ ግን «ትስማልኝ» አለች። ከተሳፈረች ወዲህ የተነፈሰችው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሴቶቹ በነጠላ ከለሉን፤ ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሚሰማኝ የሞተሩ ጉርምርምታ ነው። ቦታ ቀየርኩ፤ ያው ነው። «ምንም የለም» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ብናገራት እትዬ ዘሃራ ልጅቷን ይዘው ይወርዳሉ። እንደምንም ዋጥኳትና «ሞተሩ ይጥፋልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ከጠፋ ያለ ግፊ አይነሣም!» አለ ሹፌሩ። «በዚህ ጭቃ ማን ሊገፋ ነው?»

«እኛ እንገፋለን» አሉ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቄስ።

«እርስዎ ሊገፉ ነው፣ አባ?»

«አጥፋው ብያለሁ!»

ሁሉም «አጥፋው! አጥፋው!» አለ። እያጉረመረመ አጠፋው።

እንዲያ ያለ ጸጥታ አላውቅም። ልጅ የያዘች እናት እንኳ ልጇን ጡት አጉርሳ ዝም አሰኘችው። ማዳመጫዋን ከእምብርቷ ዝቅ አድርጌ ወደ ግራ ወሰድኳት። ከሩቅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቱክ ቱክ ቱክ ይላል። አንጓዋን ያዝኩ። የእሷ ትርታ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ያኛው ጥሎት ይገሰግሳል። ማመን አቅቶኝ እንደገና ያዝኩ፤ እንደገና ቀደማት።

«አለ! ልጁ አለ!» አልኩ። ድምፄ የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም።

እትዬ ዘሃራ «ዘወር በይ እስቲ» ብለው ገፋ አደረጉኝና ራሳቸው ጆሯቸውን ጣሉ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሳይሉ እንባቸው ምራታቸው ሆድ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። «አልሐምዱሊላህ! እንደ ፈረስ ይጋልባል እኮ!»

አውቶብሱ በእልልታ ተናጋ። አይሱዙው ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት ወንዱም ሴቱም ሊገፋ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ቃል የገቡት ቄስ ጃንጥላቸውን ይዘው ዳር ቆመው «በርቱ!» ይላሉ። ሞተሩ ሲነሣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን እንስቅ ነበር።

መካነ ሰላም ስንደርስ እትዬ ዘሃራ ማዳመጫዋን አልመልስ አሉ። «እስክትወልድ እኔ ጋ ትቆይ።» ዕቃዬን ለማንም አውሼ የማላውቀው እኔ እሺ አልኩ። ከሳምንታት በኋላ በገበያ ቀን ቤቴ ድረስ መጡ። ፋጡማ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ማዳመጫዋም ልክ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ታጥና፣ ቅቤ ጠጥታ ተመለሰች። «እንዳትሰነጠቅብሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል። የት እንዳለ አላውቅም፤ በሰላም መወለዱ ይበቃኛል። በዕድሜዬ ከአፌ ወጥተው ልመልሳቸው የተመኘኋቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ያቺ አንዷ «ምንም የለም» ግን ሳትወጣ ቀርታለች። ተመስገን።