ተሻለ የቆፈራቸው ጉድጓዶች

ተሻለ የቦቴ ሾፌር ነበር። በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ካራማራ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ጅጅጋ በሚገኘው ቤቱ ጓሮ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፤ ማንጎ ሊተክልባቸው።

ባለቤቱ እታገኘሁ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ እዚሁ ነው ያገባችው። አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሲበተን ሥራ ገባች። መርፌ ወጋች፣ ቁስል ጠረገች፣ ቤቷ ገብታ ጋደም አለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ወንድሟ ናሁሰናይ ከደብረ ብርሃን እየደወለ "ዝውውር ጠይቂና ነይ" ሲላት "እሺ" ትላለች፤ ግን አትጠይቅም።

ታኅሣሥ ላይ የጎረቤቷ ፍየል ከጉድጓዶቹ አንዱ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ጎረቤቷ ሻሚስ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሶማልኛ "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ እያለ ይጠራቸዋል። አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ወይ ድፈኚው ወይ ትከዪበት" አሏት።

ልትደፍን አካፋ አነሳች። ተሻለ አፈሩን ለይቶ ከምሮታል፤ ለተከላ እንደሚደረገው የላዩን ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ። አካፋውን መልሳ አስቀመጠች። በማግስቱ ችግኝ ልትገዛ ባቢሌ ሄደች። ካራማራ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ በሚኒባሱ መስኮት ተመለከተች። ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው። ምንም አልተሰማትም።

ችግኝ የሚያፈሉትን ጋሽ ደበሌን ውሃ ሲያጠጡ አገኘቻቸው።

"ሦስት ማንጎ ስጡኝ።"

"የት ልትተክዪው?"

"ጅጅጋ።"

"ማንጎ ብርድ አይችልም። የእናንተ የጥር ሌሊት ለጋውን ያቃጥለዋል። ሮማን ውሰጂ፣ ዘይቱን ውሰጂ።"

"ባለቤቴ ማንጎ ነበር ያለው።"

"ታዲያ እሱ ለምን አልመጣም?"

"ሞቷል።"

ጋሽ ደበሌ ማጠጫውን አስቀመጡ። "እንግዲያው ማንጎው አንድ ይሁን። ነፋስ የማያገኘው ግድግዳ ሥር ትከዪው፤ ማታ ማታ ጆንያ አልብሺው። ስትመርጪ ደግሞ ቁመቱ አያታልልሽ፤ ግንዱ ደንደን ያለውን ያዢ።"

አንድ ማንጎ፣ አንድ ሮማን፣ አንድ ዘይቱን ያዘች። ኤዶ ከበረታቸው ፍግ ሰጧት፤ ሦስቱንም ተሻለ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ተከለች፤ ማንጎውን ግድግዳ ሥር ባለው። ዝናብ ስለሌለ የታጠበችበትን ውሃ ሳይቀር እያጠራቀመች አጠጣች። ጆንያውንም አልብሳ ነበር፤ ጥር ላይ ግን የማንጎው ቅጠል ጠቆረ። ነቅላ ጣለችው።

"አዘንሽ?" አሏት ኤዶ።

"እኔንጃ" አለች።

ቦታው ላይ ሎሚ ተከለች።

ሮማኑ ባፈራ ዓመት ናሁሰናይ ሊወስዳት መጣ። ጓሮ ገብቶ ዛፎቹን አየ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዝውውር አላነሳም። ፍየሎቹ እንዳይገቡ አጥሩን ጠጋገነላት። ሲሄድ ሮማን በፌስታል ሞልታ ሰጠችው፤ መናኸሪያ ድረስም ሸኘችው።

"ደህና ነሽ ግን?" አላት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል።

"ሮማኑ ሥር ስሆን እንቅልፍ ይወስደኛል" አለችው።