አሚን ያልተባለላት መስመር

በራሴ ስም ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ትናንት ግን ታናሽ ወንድሜ አስናቀ ደውሎ፣ «ልመረቅ ነው፤ ለጋሽ ሙሄ እንደ ድሮው አንድ የምስጋና ደብዳቤ ሞነጫጭሪልኝ» አለኝ። መሞነጫጨር! ወረቀት አወጣሁና ደብዳቤውን ትቼ ይህን ጻፍኩ።

ጋሽ ሙሄ የመካነ ሰላም እህል ነጋዴ ናቸው። አስናቀን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሰው ፊት ካልተነበበላቸው አይጥማቸውም። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ፣ ቤታቸው ዱዓ በሚደረግበት ቀን ምስጋናውን ጽፎ እንዲያነብ ላኩበት። ካላነበበ ቀጣዩ ዓመት እንደሌለ ሁላችንም ገባን።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሦስት ቀን እስክሪብቶ ሲነክስ ከረመ። ከ«በጣም አመሰግናለሁ» ማለፍ አቃተው።

«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለኝ።

እኔ የማውቀው ምርቃት ነው። በእኛ አገር ሲመረቅ የተቀመጠው ሁሉ «አሚን» ይላል፤ ያ ሁሉ ሰው አሚን ያለበትን ነገር ደግሞ ማንም ደፍሮ እምቢ አይልም። ስለዚህ ደብዳቤውን በምርቃት ሞላሁት፤ «ጎተራዎ አይጉደል፤ ደጅዎ አይዘጋ።» መጨረሻ ላይ፣ በአፌ የማልደፍረውን የራሴን መስመር ሸጎጥኩ፦ «ቤት የቀረች እህቴንም ፈጣሪ በእርስዎ እጅ ለዘጠነኛ ክፍል ያብቃት።» አስናቀ በራሱ እጅ ጽሑፍ ገለበጠው።

ነሐሴ ነበር። ቆሎ እየቆረጠምን በጭቃው እስከ መኪና መንገዱ ወረድን። የቆዳ ጫማው እንዳይበላሽ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሙሄ ቤት፣ እሱ ከወንዶቹ መሀል ቆሞ አነበበ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ በር ላይ ነበርኩ። በየምርቃቱ «አሚን!» ሲባል ቤቱ ይናወጣል። አሁን ደረሰች፣ አሁን ደረሰች እያልኩ ስጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ የራሱን ስም አንብቦ ወረቀቱን ለጋሽ ሙሄ ሰጠ። መስመሬ የለችም።

ደጅ ላይ ያዝኩት። «ለምን ዘለልካት?»

«ወረቀቱ ሞልቶብኝ ነው፣ እታለም።»

ወዲያው ጋሽ ሙሄ ደብዳቤውን እንደያዙ ሊሸኙን ወጡ። አየሁት፤ ከፊርማው በታች ስንዝር ሙሉ ባዶ ነበር።

ዘንድሮ ራሱ ይጻፈው። ያ ሁሉ ዓመት ተምሮ ለአንድ ደብዳቤ ካልበቃ፣ ለምን ሊበቃ ነው? ጋሽ ሙሄም ያን ቀን ወረቀቱን ፊቴ እያወዛወዙ ያሉኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦

«አብሽሪ ልጄ! ወንድምሽን ጠጋ ብለሽ ብትማሪ፣ አንቺም አንድ ቀን እንዲህ ትጽፊያለሽ።»