ቫዮሊን በካልሲ

ልጄ ሁለተኛውን ቫዮሊን የምትጫወትበት ኮንሰርት ኢስት ዮርክ በሚባለው ሰፈራችን ባለች አሮጌ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የሚጫወቱት ለሁለት ቫዮሊን፣ ድምፁ ወፍራም ለሆነው ቼሎና ፒያኖ ለሚመስለው ሃርፕሲኮርድ የተጻፈ፣ ሶናታ የሚባል የጥንት ሙዚቃ ነው። ከሁሉ ቀድመን ደረስን። አባቴ በረዶውን ከጫማቸው አራገፉና ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ኮንሰርት ነው! ጫማዎን ያድርጉ እባክዎ» አልኳቸው ጥርሴን ነክሼ።

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» ብለውኝ በካልሲ ገቡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሙዚቃው ሲጀመር ግን ንዴቴ በረደ። አንደኛው ቫዮሊን የጀመረውን ልጄ ትቀበለዋለች፤ ከሥር ቼሎው እንደ ከበሮ እርምጃቸውን ይጠብቃል። አባቴ የሳንቃውን ወለል በእግራቸው እየመቱ ተከተሉት። እኔም ሳላውቀው በጫማዬ መምታት ጀመርኩ። ሙዚቃው ዝግ የሚልበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ልጄ ቀስቷን ሳታቆም ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። እንዴት እንደኮራሁ!

ሲያልቅ ወደ በሩ ሄድን። ከአባቴ ጫማ ጎን የቦት ጫማ መዓት ተደርድሯል። ከእኛ በኋላ የመጡት ፈረንጆች የሳቸውን ሲያዩ የቤቱ ደንብ መስሏቸው ሁሉም አውልቀው ኖሯል።

ልጄ ቫዮሊኗን አንግታ እየሳቀች ወደ እኔ መጣች።

«ዳድ፣ ስሎው ፓርቱ ላይ፣ ዝግ ሲል፣ ሲያንኳኳ የነበረው ያንተ ጫማ ነው አይደል?»

አባቴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ። ቀና እንኳ አላሉም፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።