ዊልሆ በቶርኖው የተወራረደበት ቅዳሜ

ዊልሆ ካንጋስ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ በረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እንደ እኩዮቹ ሐይቁ ላይ ዓሣ ማጥመድ አልሆነለትም። «ዓሣ እስኪመጣ ተጎልቶ መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ነው» ብሎ ጋራዡ ውስጥ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ቶርኖ ተከለ። ገበቴ ይሠራል። አይሸጥም፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተጣላው ሰው ሳይቀር ይሰጣል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ የዊልሆ ገበቴ የሌለበት ቤት ካለ፣ ባለቤቱ ትናንት የመጣ ነው።

በጸደይ ግን አንዱ ገበቴ እየተሽከረከረ ፈነዳና ስባሪው ጉንጩን መታው። የፊት መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። አጥንቱ ተሰበረ። ለሐኪሙም ለልጁም «መሮው አዳለጠኝ» አለ። ሰፈርተኛው «ሽማግሌው አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ሞቶ ይገኛል» ማለት ጀመረ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው ቀድሞ የደረሰው ልጁ አርሊን ዘንድ ነው። አርሊን ነርስ ናት፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች መጠየቅ አያስፈልግም።

«ቶርኖው ይሸጣል፣ አባዬ።»

«መጀመሪያ እኔን ሽጪኝ።»

«አንተን ደግሞ ማን ይገዛሃል!»

በጋውን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ። እሷ ቆማ እያየች አንድ ገበቴ ይጨርሳል። እጁ አንዴ ከሳተ ቶርኖው ይሄዳል፤ ካልሳተ ስለ ቶርኖው ዳግመኛ አፏን አትከፍትም። ተጨባበጡ። ካንጋሶች ደግሞ የተጨባበጡበትን ነገር አያፈርሱም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና እስኪሞቅ ድረስ ብለው ጋራዡ ገቡ። ዊልሆ ከደረጃው ሥር አንድ የወረቀት ከረጢት አወጣ። ውስጡ ባለፈው መኸር ሜፕል ከሚባል ዛፍ እርጥብ እንጨት በወፍራሙ የጠረበው ገበቴ ከገዛ ፍቅፋቂው ጋር ተቀብሯል። እንዲህ ዓመት ከርሞ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይጣመማል። ቶርኖው ላይ አሰረው፤ የፊት መከላከያውንም፣ አርሊን ዓይኗን ስላፈጠጠችበት፣ አወረደው። እሷ ከቶርኖው ቀይ ማጥፊያ አጠገብ ቆመች።

መሮው እንጨቱን ነካው፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ትከሻው ላይ ወረደ። አርሊን ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። እውነቱን ለመናገር እጁ እንዲስት ትመኝ ነበር፤ በምኞቷም ታፍር ነበር። ያ እጅ ግን ንቅንቅ አላለም።

ወፍራም እንጨት ያጉረመርማል፤ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ቶርኖው የተተከለ ሰሞን ግንድ ላይ አስቀምጦ ያስተማራት እሱ ነው። «ድምፁ ሲቀጥን ቀስ በይ። ጠቅ ጠቅ ካለ ግን አጥፊና ሽሺ፤ ተሰንጥቋል ማለት ነው» ይላት ነበር። አሁን ድምፁ ቀጥኗል። ዊልሆ ግን ቀስ አላለም።

ጠቅ።

አርሊን ቀና አለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አባቷ ጭራሽ ወደ ገበቴው ጎንበስ አለ። «እየፈተነኝ ይሆን?» አለች በልቧ። ጠቅታው ፈጠነ። እሱ ግን ሥራው የሰመረለት ሰው ሆኖ ፈገግ ብሏል።

ያኔ ገባት። ስልክ ደውሎ የራሱን ብቻ አውርቶ የሚዘጋው፣ ሌላው ሲያወራ አንገቱን የሚነቀንቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ተቀምጦ እሱ ብቻ ቆሞ የሚቀረው ለካ ጆሮው ከድቶት ነው።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። አልዞረም። ማጥፊያውን በመዳፏ መታችው።

«ምን ነካሽ! አልሳትኩም እኮ! እጄ አልሳተም!»

አርሊን ጣቱን ይዛ የገበቴው ከንፈር ላይ አስኬደችው። ስንጥቁ ከከንፈሩ ተነስቶ ወደ ቂጡ ወርዷል። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ እንደገና ፊቱ ላይ ይፈነዳ ነበር። ዊልሆ መከላከያውን አወለቀ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጠቅ ጠቅ ይል ነበር» አለች፣ አፏን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆማ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው የበረዶ ወራት።»

«የጸደዩ አደጋም...»

«እሱም።»

ንዴቱ ከእግሯ እስከ ራሷ ነደደባት። «ልትሞትብኝ ነበር እኮ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ቶርኖውን ትሸጪዋለሻ!»

«አዎ፣ እሸጠው ነበር!»

«ይኸው፣ አየሽ?»

ዊልሆ የቶርኖውን የማስነሻ ቁልፍ ነቅሎ እጇ ላይ አስቀመጠ። «ተጨባብጠናል» አለ።

«እጅህ እኮ አልሳተም።»

«እሱ ቢስት ይሻለኝ ነበር። እጅን እንደገና ማሠልጠን ይቻላል።» ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

አርሊን እንባዋ መጣ። እንዳያይባት ወደ በሩ ዞራ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። «አልሸጠውም» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አጠገብህ ቆሜ እሰማልሃለሁ።»

ዞር ስትል እያያት አንገቱን ይነቀንቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ሰው ሲሸኝበት የከረመው ያው ንቅነቃ ነው። ከዚያ ተወው።

«አርሊን» አላት፤ «አልሰማሁሽም። ምን አልሽ?»