ሁለቱ ማሽኖች የት አሉ?

ግሌኒስ ተፕሊን እንግሊዝ አገር ግሪምስቢ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሳቋ የመመገቢያ አዳራሹን አልፎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ የተበላሸው ባሏ ዴዝሞንድ ከዓሣ ፋብሪካው በተቀነሰ በወሩ ነው። ብድር ጠይቃ ባንኩ ፊት ሲነሳት፣ ዕቃ ሰጥቶ በየሳምንቱ ከሚያስከፍል ሱቅ አዲስ ማሽን ወሰደች። ዋጋው ሦስት መቶ ፓውንድ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከፍላ ስትጨርስ፣ ደረሰኞቿን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ደመርናቸው። ከነወለዱና ከነብልሽት ዋስትናው ዘጠኝ መቶ አልፏል።

“አንቺ! በዚህ ገንዘብ እኮ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ታጥቢ ነበር!” አልኳት።

“የሰፈሩን ተይው፣ ዴዝሞንድን ራሱን ከነጫማው አጥበው ነበር” ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአበዳሪዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያሉ ሱቆች የዋጋ ጣሪያ ሊያወጣ አስቦ የሕዝብ አስተያየት ይጠይቅ ነበር። ማስታወቂያውን ቤተ መጻሕፍት አይቼ ነገርኳት።

“እኔ ልጽፍ? ከአስቤዛ ዝርዝር ሌላ ጽፌ አላውቅም።”

“እንደ አስቤዛ ዝርዝር ጻፊዋ!”

እንዳልኳት አደረገች። የገዛችውንና የከፈለችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ላከች። በሦስተኛው ሳምንት ሊድስ ከተማ ድረስ መጥታ በስብሰባ ላይ እንድትናገር ተጠራች። ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔንም ጎተተችኝ።

አዳራሹ ባለ ከረባት ሞልቶበታል። የሱቆቹ ጠበቃ ተነስቶ ስለ መቶኛ ብዙ ካወራ በኋላ፣ “ደንበኞቻችን ደስተኞች ናቸው” ብሎ ተቀመጠ።

“ወይዘሮ ተፕሊን፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለች ሰብሳቢዋ።

ግሌኒስ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች ተነሳች።

“ማሽኑ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ግን እኔ የከፈልኩት የሦስት ማሽን ዋጋ ነው። ቤቴ ያለው አንድ ብቻ። ሁለቱ የት አሉ?”

ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጠበቃው እንኳ አፉን በወረቀቱ ሸፈነ። ሰብሳቢዋ እየሳቀች ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጫረች።

በቀጣዩ ዓመት ደንቡ ወጣ፦ ወለዱና ሌላው ክፍያ ተደምሮ ከዕቃው ከራሱ ዋጋ እንዳይበልጥ። የሚሠራው ግን ለአዲስ ውል ብቻ ነበር።

“ታዲያ ላንቺ ምን ጠቀመሽ?” አልኳት ተናድጄ።

“ለራሴ ላገኝበት ብዬ መሰለሽ? ይልቅ ኬሪስን ጥሪያት።”

ኬሪስ ሳህን አጣቢያችን ናት፤ ገና ማግባቷ ነበር፣ ማቀዝቀዣም የላትም። ቅዳሜ ሦስታችን ሱቁ ሄድን። ግሌኒስ ሻጩን፣ “የኔ ልጅ፣ ተከፍሎ ሲያልቅ ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን ጮክ ብለህ ንገራት” አለችው። ነገራት፤ የዕቃውን ዋጋ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ኬሪስ በጣቶቿ አሰላች፣ ደግማ አሰላች፣ ፊቷ በራ፤ ፈረመች።

ስንወጣ ግሌኒስ ልጅቷን ወገቧን ይዛ እግረኛ መንገዱ ላይ አሽከረከረቻት። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋላቸው። እኔም ቦርሳዎቻቸውን ተሸክሜ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል፣ እዚያው ቆሜ አጨበጨብኩ።