ያልቆሰለው ጉልበቴ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። እሳቸው ጋ ስቀርብ ሐሜቱንም፣ መጠጡንም፣ ከሚስቴ ተደብቄ ያደረግሁትንም ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ እዘላለሁ። ይፈቱኛል፤ መስቀሉን ስሜ እወጣለሁ፤ እስካለፈው ዓመት ድረስም ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ አስፋልቱ እያነከስኩ እሄድ ነበር። ነገሩ ያለው ማንከሴ ላይ ነው። እኔ አንካሳ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም።

ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢያነብ ወይ ይስቃል ወይ ይሰድበኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ሳልፍ ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ተነስቶልኛል። ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ጓደኛውን ሊያነሳ ሲል ጉልበቱን የተመታ ጀግና ነኝ። ወረዳ ምክር ቤት የገባሁት በዚህ ጉልበት ነው፤ አስተዳዳሪ የሆንኩትም በዚሁ ጉልበት ነው። ጉልበቱን ግን ጥይት አልነካውም።

ወጣት ሳለሁ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፤ ያውም ጥሩ ተጫዋች። የከተማው ቡድን አጥቂ እኔ፣ በረኛው ሰይድ። ሰይድ የጀውሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ለልምምድ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣ ነበር። እኔ ከጎል ማግባቱ የበለጠ የምችለው አንድ ነገር ነበር፤ መተኛት። እየመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ ያየኛል። ሰው ገና ሲነካኝ ጉልበቴን ይዤ እወድቃለሁ፣ እጮሃለሁ፣ አቧራው ላይ እንከባለላለሁ። ወጌሻው ውሃውን ይዞ ይሮጣል፤ ሰዓቱም ይሄዳል። አንዴ ማጀቴ ከተማ ሄደን ስንጫወት እውነትም ድንጋይ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተተርትሮ ተሰፍቷል። ቁስሉ ሲደርቅ እንደ ድሮዬ ሮጥኩ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ስተኛ ከጎሉ ድረስ መጥቶ የሚያነሳኝ ሰይድ ነበር። «በቃህ፣ አበዛኸው» ይለኛል ጆሮዬ ሥር፤ ሳቁ እንዳይታይበት ጓንቱን አፉ ላይ ያደርጋል። የእውነቱንና የውሸቱን አወዳደቄን እንደ እሱ የሚለይ ሰው አልነበረም።

የድንበሩ ጦርነት ሲመጣ አብረን ተመዘገብን። የደረሰንም አንድ ምድብ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ሻምበላችን ከፊት ላለው ምሽግ ጥይት የሚያደርስ ሰው ፈለገ። በመካከል ያለው ሜዳ ገላጣ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከባድ መሣሪያ ይወርድበታል። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ሣጥኑን አነሳሁ፣ ጥቂት ተራመድኩ፣ ከዚያ ጉልበቴን ይዤ ወደቅሁ። አስቤበት ነበር? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሳላስበው ነው፣ ሰውነቴ ራሱ ከዳኝ ልበላችሁ? አይደለም። አስቤበታለሁ። የትኛውን ጉልበት እንደምይዝ ሁሉ አውቄ ነው የወደቅሁት፤ ጠባሳ ያለበትን።

ሻምበሉ ተሳደበ። ሰይድ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና ዓይኔን አየኝ። አወቀ። ኳስ ሜዳ ላይ እንደሚያውቀው አወቀ። «አሞኛል» አልኩት። «ዛሬስ ወላሂ አላነሳህም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተኛ በቃ። እኔ አደርሰዋለሁ።» ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ሜዳውን ሳያጋምስ ተመታ። ወዲያው አልሞተም፤ እጁን ሲያነሳ አይቻለሁ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ። ከቡድኑ ሁሉ ፈጣኑ እኔ ነበርኩ፤ ሮጬ ልደርስለት እችል ነበር። ብሮጥ ግን ጉልበቴ ደህና እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ተኛሁ። እጁ እስኪወርድ ድረስ ተኝቼ አየሁት።

ሕክምና ጣቢያው እጅ እግራቸውን ባጡ ሰዎች ተሞልቶ ስለነበር የእኔን ጉልበት ለመመርመር ጊዜ ያለው አልነበረም። በፋሻ ጠቅልለው ወደ ኋላ ላኩኝ፤ ኋላም ተሰናበትኩ። ምርኩዝ ይዤ ጀውሃ ለቅሶ ደረስኩ። የሄድኩት እውነቱን ልናገር ነበር? እንጃ። ገና ሳልቀመጥ አንድ ሽማግሌ «አብራችሁ ነበራችሁ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ይህ እግርህ እሱን ስታነሳ ነው?» አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸው ነው፤ ውሸቱ ሲጀመር ቃል እንኳ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሰዉ የራሱን ጨመረበት፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ውሎ አድሮ ከሁሉም ብሼ ራሴ ጨማሪ ሆንኩ። የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ተነስተው መጡና ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸው ሆንኩ።

ወደ ፖለቲካው ሲስቡኝ ንግግር አልችልም ነበር፤ እግሬ ይናገርልኝ ነበር። እያነከስኩ መድረክ ላይ ስወጣ አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንድ ስብሰባ ላይ እግር ተሳስቼ በግራዬ እያነከስኩ ወጥቻለሁ፤ መሃል ላይ ትዝ ሲለኝ ወደ ቀኜ ቀየርኩ፤ ማንም ግን ልብ አላለም። የኳስ ውድድር ሲከፈት ኳሱን ለጋ አድርግልን ሲሉኝ ጉልበቴን አሳያቸዋለሁ። አዲስ አበባ ለስብሰባ ስሄድ ደግሞ የሆቴሉን ክፍል ቆልፌ፣ ካልሲ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ እለጋ ነበር። ኳስ በጣም እወድ ነበር። ይህን ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሰይድ ኳስ ከእኔ የበለጠ ይወድ ነበር።

እስካሁን ያልኳችሁን ፍርሃት ነው ብላችሁ ልታልፉልኝ ትችሉ ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን እንዳታልፉልኝ።

ሌላ ጦርነት መጣና ጀውሃ ወርደህ ወጣቱን ቀስቅስ ተባልኩ። እንደ ልማዴ እያነከስኩ ወጣሁ፤ እንደ ልማዴ የሰይድን ነገር አወራሁ። ሰይድ ሲሞት ገና ዳዴ የሚል ወንድም ነበረው፤ ከድር ይባላል። የእኔን ውሸት እየሰማ ነው ያደገው። ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ስብሰባው ሲበተን እትዬ ዘሀራ መኪናዬ ድረስ መጡ።

«እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ይሰማል» አሉኝ። «ሌላ የለኝም እኮ ልጄ። አይሂድ ካልክ ይቀራል። ምን ትለኛለህ?»

አይሂድ ማለት ምን ይከብዳል? ጥይት የሚተኩስብኝ አልነበረም። አጠገቤ አብረውኝ የመጡ ሹማምንት ቆመው ነበር፤ እነሱን አፈርኩ። «ይሂድ፣ የሰይድ ወንድም አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉ። ከድር ሄደ። የት እንደተቀበረ፣ ይቀበር አይቀበር፣ የሚያውቅ የለም።

መርዶው በተነገረ ሰሞን ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ሰይድስ አንተ ነበርክለት፤ ከድር ማን ነበረው?» አሉኝ። «እስቲ የሰይድን ደግመህ ንገረኝ።» ነገርኳቸው። እንዴት ሮጬ እንደደረስኩለት፣ እንዴት ክንዴ ላይ እንዳረፈ ነገርኳቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ፤ መረቁኝም። የተመረቅሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቻቸውን የፈጀሁት እኔ።

ባለፈው ዓመት ከሥልጣን ወረድኩ። አሁንስ የሚያሳፍረኝ ሹም የለም፣ ልንገራቸው ብዬ ተነሳሁ። በአፌ እንደማልችለው አውቅ ነበርና በእግሬ ልነግራቸው አሰብኩ። መኪናውን አስፋልቱ ዳር ትቼ በሁለት እግሬ ቀጥ ብዬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሳላነክስ። ሰው ፊት እንደዚያ ስራመድ ከዚያ ረፋድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ዘሀራ ደጃቸው ላይ ማሽላ እያበጠሩ ነበር። ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ሰፌዱን አስቀመጡ። ፊታቸው ቆሜ እስኪገባቸው ጠበቅሁ።

«ያ አላህ» አሉ። «ሰማኸኝ?»

ምን እንዳሉ አልገባኝም።

«ሁለቱ ከሄዱብኝ ወዲህ ለራሴ የለመንኩት የለም» አሉ፤ ጉልበቴን ይዘው ያለቅሱ ነበር። «የዚህን ልጅ እግር ማርልኝ ነው የምለው፣ በየሶላቱ። አልሐምዱሊላህ። አንዷን እንኳ ሰማኝ።» ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ጉልበቴን እየዳሰሱ ዱዓ አደረጉ። አፌን ከፈትኩ። «አሚን በል እንጂ ልጄ» አሉኝ።

አሚን አልኩ።

አሁን ጀውሃ ላይ በሽተኛ ያለበት ሰው እትዬ ዘሀራ ዱዓ እንዲያደርጉለት ይመጣል። እሳቸውም ተስፋ ለቆረጠው ሁሉ የእኔን እግር ይነግሩታል። እውነቱን ብነግራቸው ልጆቻቸውን እንደ አዲስ እቀብርባቸዋለሁ፤ ጸሎታቸውንም እቀማቸዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ዝም የምለው። ለእሳቸው ማሰቤ ነው ወይስ አሁንም ተኝቼ ነው? ሰይድ ቢኖር አንዴ አይቶኝ ይለየው ነበር። እኔም ለይቼዋለሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእትዬ ዘሀራ ነው። እሳቸውን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።