የኔታ ተረት በቀን ያወሩ ለት

ልጅ ሳለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኔና ታናሽ ወንድሜ አንለይ ብቻ ነበርን። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማርር፣ እናቴ «ደግሞ ጀመራቸው!» እያለች በጨለማ ክብሪት ስትፈልግ፣ እኛ ቴሌቪዥኑ ዝም ካለ የኔታ እንደሚናገሩ ስለምናውቅ እየተጋፋን ከከሰሉ ዳር ቦታ እንይዛለን። የኔታ የእናቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበዝ ማርያም ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው እናቴ ለምና ለምና ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ወደ ከተማ አመጣቻቸው። የገዛ ልጃቸው ሳትቀር «የኔታ» ስለምትላቸው፣ እኔ አያቴ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ቤታችንን የተከራዩ አስተማሪ ይመስሉኝ ነበር።

ያኔ ሻማው በጣሳ ክዳን ላይ ይቆምና ግድግዳው ላይ የየኔታን ጥምጥም ከእንስራ አሳክሎ ያሳየናል። ከሰሉ አልቆ ባሕር ዛፍ የተጨመረ እንደሆነ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ እኛ ግን ከተነሣን ቦታችን ስለሚወሰድ እንባችንን እየጠረግን እንቀመጣለን። የኔታ ለተረት ሕግ ነበራቸው። በቀን አያወሩም፤ ቀን ተረት የሚያወራ ሰው ሥራ ፈት ነው ይላሉ። ዳቦ ሳይቀርብም አይጨርሱም። ተረት ሲያልቅ ሰሚው የተናጋሪውን አፍ በዳቦ ማበስ እንዳለበት በየቤቱ ለወጉ ያህል ይባላል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ጨዋታ አልነበረም። ዳቦ ከሌለ ተረቱ አይዘጋም። ስለዚህ ከራታችን ቁራሽ እናስቀርና በእጃችን ይዘን እንቀመጣለን።

ችግሩ እንቅልፍ ነበር። አንድም ቀን መጨረሻ አልደረስንም። ጅቡ ገና ወንዙን ሳይሻገር አንለይ ጭኔ ላይ ይዘረጋል፣ እኔም ተከትየው ጥፍት እላለሁ። ጠዋት ስንነሣ ቁራሹ ከእጃችን የለም። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ያን የደረቀ የዳቦ ቅርፊት በምን እንደሚያደቁት ለመጠየቅ እንኳ አላሰብንም።

በዚያ ዘመን፣ አንድ ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ፣ ቤታችን ውሻ መጣ። አባቴ አይሱዙ ይነዳል፤ ከቆጋ መስኖ ሽንኩርት ጭኖ በየከተማው ያደርሳል። ሌባ ዶሮዎቻችንን አንድ በአንድ ሲጨርስብን «ቆይ፣ እኔ አሳየዋለሁ» ብሎ ዝቶ ወጣና፣ ሲመለስ ከሽንኩርት ሣጥን ውስጥ አንድ ቡችላ አወጣ። ቢጫ ነው፤ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ተኝቷል። አባቴ አንበሴ አለው። አንበሴ ከሣጥኑ ወረደ፣ የቀረችንን አንዲት ዶሮ አየ፣ ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ገባ።

«እኔ የማውቀው ውሻ ይጮኻል፤ ይኼ ያስነጥሳል» አለች እናቴ።

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሽንኩርት ላይ ተኝቶ ስለመጣ ሲያስነጥስ ሰነበተ። ማስነጠሱን ሲተው ደግሞ ማኘክ ጀመረ። የጎረቤታችንን ጫማ አኘከ፣ የእናቴን ሱቅ የበር ምንጣፍ አኘከ፣ በመጨረሻም የአንለይን የሒሳብ የቤት ሥራ አኘከ። አንለይ ለመምህሩ «ውሻ በላብኝ» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ የታኘከውን ወረቀትም በኪሱ ይዞ ሄዶ ነበር፤ መምህሩ አገላብጦ አየውና «ለማታለል ብለህ ራስህ አኝከህ ነው!» ብሎ አንበረከከው። አንለይ እያለቀሰ ቤት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ አንበሴ ነው። አቅፎት አብረው ተኙ። እንዲህ እንወደው ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የከፋውም ለዚህ ነው።

ምክንያቱም እናቴ በቃኝ አለች። «የማርያም ማኅበር ተራችን ደርሷል። እስከዚያ ድረስ አንዲት ጥፋት ባይ፣ ይህ ውሻ ቋሪት አጎታችሁ ዘንድ ይሄዳል!» አጎታችን ዘንድ ያሉት ውሾች ጥጃ ያክላሉ። በሬ ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ ጮኸው የሚመልሱ ናቸው። አንበሴ እዚያ አንድ ሌሊት እንደማያድር እኔም አንለይም እናውቃለን። የሚማልድልን ሰው ብንፈልግ ጠፋ። አባቴ ውሻውን በማምጣቱ እሱም ጥፋተኛ ነው። የኔታማ ጭራሽ የእናቴ ወገን ናቸው ብለን ቆጥረናቸዋል፤ አንበሴ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሂድ ወዲያ! የውሻ ቦታው ደጅ ነው!» ይላሉ።

የማኅበሩ ዕለት እናቴ ጠላውን አሰማምራ፣ በኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጓዳ አስቀምጣ፣ ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተሳሳሙ ገቡ። ቄሱ ከራስጌ ተቀመጡ፤ የኔታ ከጎናቸው፤ ከበሩ በኩል አያ ፈንቴ የሚባሉ፣ ሆዳቸው ትልቅ አፋቸው ደግሞ ከሆዳቸው የሚብስ የእህል ነጋዴ አሉ። እናቴ ዳቦውን ለቡራኬ ልታወጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት።

አንበሴ ዳቦው ውስጥ ነበር። አጠገቡ አይደለም፣ ውስጡ። መሃሉን ቦርቡሮ በልቶ፣ የጠገበው ሆዱ ተነፍቶ፣ ዙሪያውን የቀረውን ቅርፊት ተንተርሶ ተኝቷል። ጆሮው ላይ የኮባ ቅጠል ተለጥፏል።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በዝግታ «ዛሬ እዚህ ቤት አያድርም» አለች። ከዚያ አባቴን በጓሮ በር ጠራችው። ሆስፒታሉ አጠገብ እትየ ያምሮት የምትባል ዘመዳችን ያን ቀን ክርስትና ስላላት ዳቦ ጋግራለች። አባቴ አንለይን አስከትሎ አንድ ዳቦ ሊያመጣ በአይሱዙ ወጣ። አይሱዙው ሲነሣ የግድግዳው ሥዕል ተንቀጠቀጠ። «ወዴት ነው?» ብለው አያ ፈንቴ ቢጠይቁ፣ እናቴ «መጣ፣ መጣ» ብቻ ብላ አለፈችና የየኔታ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ ጉድ ሆንኩ። ዳቦው የለም፤ ሌላ ሊያመጣ ሄዷል።»

«ማን ወሰደው?»

«ያ ውሻ ነዋ!»

እኔ ጓዳ ውስጥ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ፣ አንበሴን በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ይዤ አያለሁ። የኔታ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማርያም ማኅበር ላይ፣ ተረት ጀመሩ።

«አንዲት አህያ እህል ተጭና ወፍጮ ስትወርድ» አሉ፣ «ከወንዙ ዳር አያ ጅቦ ቆሞ ጠበቃት።»

ቄሱ ዘወር ብለው አዩአቸው። የኔታን የሚያውቅ ሁሉ ሕጋቸውንም ያውቃል።

አህያዋ፣ መበላቴ ካልቀረ ኑዛዜየን ልናገር አለች። ጅቡም ወግ የሚያውቅ ጅብ ነበርና፣ ተናገሪ ብሎ ተቀመጠ። ጆሮዎቿን ቅዳሴ ላይ ለሚያንቀላፋ ለእገሌ ተናዘዘች። እርግጫዋን ሚዛን ለሚያጭበረብር ነጋዴ ተናዘዘች፤ እዚህ ላይ ሁሉም ወደ አያ ፈንቴ ዞሮ ሳቀ። ድምፅዋን እንደ ትንኝ ለሚያዜም ዲያቆን ተወችለት። የኔታ አንድ ውርስ በተናገሩ ቁጥር በሩን ያያሉ። በሩ ግን ባዶ ነው፤ አህያዋም ሌላ ዘመድ ታስታውሳለች።

«የኔታ» አሉ አያ ፈንቴ ሆዳቸውን እያሻሹ፣ «ኧረ ይች አህያ ስንት ዘመድ ነው ያላት?»

«ብዙ ነው። ቡሬ ድረስ አላት።»

«እና የቡሬዎቹንም ልንሰማ ነው?»

«ምን በደሉና ይቀራሉ!» ብለው የኔታ የቡሬዎቹን ጀመሩ።

እኔ ሳቄም ለቅሶየም አንድ ላይ መጣብኝ። የአህያዋ ዘመዶች ካለቁ ማኅበርተኞቹ ዳቦ ይጠይቃሉ፤ እናቴ በሰው ፊት ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ አንበሴን ከቋሪት የሚያስቀረው የለም። በልቤ፣ እባክሽ እመቤቴ፣ ይች አህያ ባሕር ዳርም ዘመድ ይኑራት እያልኩ እለምናለሁ። አንበሴ ግን ምንም አልገባውም። ጆሮውን አቁሞ፣ ሁለቱንም፣ የየኔታን ድምፅ ያዳምጣል።

የቡሬ ዘመዶቿ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው የአይሱዙው ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። የኔታ ፊታቸው በራ።

«ያን ጊዜ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ባለቤቷ በአይሱዙ ደረሰላት!»

«በዚያን ዘመን አይሱዙ?» አሉ አያ ፈንቴ።

«አሮጌ ነበር» አሉ የኔታ። «ጅቡም ጥሩንባውን ሰምቶ ፈረጠጠ። ተረቴ አለቀ፤ አፌን አብሱ።»

አባቴ ዳቦውን በሁለት እጁ ታቅፎ ከበሩ ብቅ ሲል፣ አንበሴ ከጉልበቶቼ መሃል ተስፈንጥሮ ወጣ። «ተረቴ አለቀ» የሚለውን ሰምቷላ! መጋረጃውን ጥሶ፣ የኮባ ቅጠሉን በጆሮው እንዳንጠለጠለ፣ አፍንጫው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እንደያዘ፣ በማኅበርተኞቹ መሃል አልፎ ሄደና የየኔታ እግር ሥር ቁጭ አለ። ዶሮ የሚፈራው ውሻ ያን ሁሉ ሰው አልፈራም። አፉን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ እንደለመደ ሰው፣ ድርሻውን ጠበቀ።

«አሃ!» አሉ አያ ፈንቴ፣ «ይኼስ ማኅበርተኛ ከእኛ ቀድሞ ቀምሷል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ያልሳቀች እናቴ ብቻ ናት። ውሻውን አየች፣ ቀጥላ አባቷን አየች። የኔታ ጣሪያውን ያያሉ።

«የኔታ» አለች፣ «ያ ሁሉ ቅርፊት... ማታ ማታ ለእሱ ነው እንዴ የሚሰጡት?»

«ጥርስ የለኝማ፣ ልጄ።»

«የውሻ ቦታው ደጅ ነው ሲሉን!»

«ቀን ነዋ እንደዚያ የምለው።» ከዚያ ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ፣ ሳያስፈልግ። «ልጆችሽ ገና ጅቡ ሳይናገር ይተኙብኛል። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻየን ሳወራ ማን ሊሰማኝ ነው? ይኼ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማኛል። ካስተማርኳቸው ሁሉ ያላንቀላፋ እሱ ነው። ዳቦው የተበላው በእኔ ምክንያት ነው፤ ቋሪት የሚሄድ ካለም እኔ ልሂድ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልታለቅስ ነው ብየ ስፈራ ሳቋ አመለጣት። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ፣ ተቆረሰ፣ የመጀመሪያው ቁራሽ ለየኔታ ሲደርሳቸው ልቡን በልተው ቅርፊቱን በሰው ሁሉ ፊት ወደ ታች ዘረጉ። ቋሪት ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

የኔታ ያረፉት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። አንበሴ ያኔ ትልቅ ውሻ ሆኖ ነበር፤ ዶሮ መፍራቱን ግን አልተወም። ከሐዘኑ በኋላ መብራት ቢጠፋም ሻማ አብርተን ያለ ተረት እናመሻለን፤ የሳቸው መደብ ባዶውን ነው። አንድ ምሽት አንለይ «እስኪ የአህያዋን አውሪልን» አለኝ። አወራሁ። ኑዛዜውንም፣ የቡሬዎቹንም፣ ማንም ሳይተኛ እስከ አይሱዙው ደረስኩ። «ተረቴ አለቀ» ስል አንበሴ ከበሩ ሥር ተነሣ። በእኔ አጠገብ አለፈ፣ በአንለይ አጠገብ አለፈ፣ ሄዶ ከባዶው መደብ ፊት ቁጭ አለና አፉን ቀና አደረገ።

ቅርፊቱ በእጄ ነው፤ መነሣት አቃተኝ። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ተነሣች። ያን ውሻ በዚህ ቤት አያድርም ያለችው እናቴ፣ ቅርፊቱን ከእጄ ወስዳ፣ መደቡ ላይ አባቷ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጠችና አጎረሰችው።

ዛሬ እኔም ለልጆቼ አወራለሁ። ከየኔታ ተረቶች መጨረሻውን የማውቀው ግን የአህያዋን ብቻ ነው፤ ለቀሩት መጨረሻ ከራሴ እፈጥርላቸዋለሁ። እውነተኛውን የሰማው አንበሴ ነበር።